ከጥገና በኋላ አልነሳ ያለ መኪና፦ ችግሩን ደረጃ በደረጃ ፈልጎ የማግኛ መመሪያ

የመኪናው ባለቤት በራሱ እጅ ዘይት፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮ ወይም ባትሪ ቀይሮ ኮፈኑን ከዘጋ በኋላ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ አልነሳ ቢለው፣ ከማንኛውም ነገር አስቀድሞ ሊያስታውሰው የሚገባ አንድ እውነት አለ፦ ይህ መኪና ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይነሳ ነበር። በመካከሉ የተለወጠው ደግሞ እጅ የነካው ብቻ ነው። ስለዚህ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በድንገት በተበላሸ ዕቃ ውስጥ ሳይሆን፣ ተፈትቶ በትክክል ባልተመለሰ፣ ተነቅሎ ባልተሰካ ወይም ወደ ሌላ ዕቃ ለመድረስ ሲባል በተገፋ ነገር ላይ ነው። ብዙ ሰው ግን በድንጋጤ መለዋወጫ ወደ መግዛት ይሄዳል፤ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ዕቃ) ይቀይራል፣ የነዳጅ ፓምፕ ያስቀይራል፣ በመጨረሻም ጥፋቱ አንድ በግማሽ የተሰካ ሶኬት ሆኖ ይገኛል። ይህ መመሪያ ያን ወጪና ድካም ለማስቀረት የተዘጋጀ ነው። የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች በሚለያዩበት ቦታ ልዩነቱ ለብቻው ተገልጿል።

ቁልፍ ማዞርዎን ያቁሙ

መኪናው በሁለተኛው ሙከራ ካልተነሳ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ሙከራ አዲስ ነገር አይነግርዎትም፤ ጉዳት ግን ሊጨምር ይችላል። ባትሪው ይደክማል፣ ሞተሪኖው ይግላል፣ ቤንዚን በሲሊንደር ውስጥ ተጠራቅሞ ካንዴላዎቹን ያርሳል፣ ያልተቃጠለው ነዳጅም ወደ ጭስ ማውጫው ወርዶ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ሊጎዳ ይችላል። የሠሩት ሥራ የታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቮቹን መከፈትና መዘጋት ከፒስቶኖቹ ጋር የሚያስተካክለውን ቺንጋ) መቀየር ከነበረ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሙከራ እንኳን ቫልቭ ሊያጣምም ስለሚችል፣ ከታች ስለ ታይሚንግ የተጻፈውን ሳያነቡ ቁልፉን አይንኩ። በምርመራው ወቅት ሞተሩን ማዞር ሲያስፈልግ በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አያዙሩ፤ በመካከሉም ሞተሪኖው እንዲበርድ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ።

የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፤ ማርሹን ዜሮ ላይ፣ አውቶማቲክ ከሆነም ፒ ላይ ያድርጉ። ቀለበት፣ የእጅ ሰዓትና የአንገት ሐብል ያውልቁ፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ መኪናው አካል የተሻገረ ብረት በቅጽበት ግሎ ሥጋ ያቃጥላል። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጂን የተባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ በአጠገቡ እሳትም ሆነ ሲጋራ አይቅረብ። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ከሆነ፣ በጠንካራ መደገፊያ ላይ ሳያርፍ ከሥሩ አይግቡ። የነዳጅ ሽታ ከተሰማዎት ግን የቀረውን ምርመራ ሁሉ ትተው የሚንጠባጠብበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ሽታው እስኪጠፋ ድረስም ማንኛውንም የኤሌክትሪክ ነገር አያብሩ።

የተነካውን ሁሉ መልሰው ይዩ

ወረቀት ይዘው የሠሩትን በቅደም ተከተል ይጻፉ። «ካንዴላ ቀየርኩ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ወደ ካንዴላው ለመድረስ የተነሳው ሁሉ መጻፍ አለበት፦ የሞተሩ የፕላስቲክ ሽፋን፣ የአየር ማስገቢያው ቱቦ፣ የእያንዳንዱ ኮይል (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ዕቃ) ሶኬት፣ ለመንገድ የተነቀለች ቀጭን የቫኪዩም ቱቦ። እንደማምነው ይህ ዝርዝር ከየትኛውም የመመርመሪያ መሣሪያ ይበልጣል። ዋናውን ሥራ ሰው ተጠንቅቆ ይሠራዋል፤ ለመንገድ የተነሳውን ግን ሥራው አልቋል በሚል ስሜት በችኮላ ይመልሰዋል፤ ጥፋቱም የሚደበቀው እዚያ ነው። ሥራውን ሲጀምሩ በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ከነበረ አሁን ከሞተሩ ጎን አድርገው ያነጻጽሩት። በዕቃ መያዣዎ ውስጥ የተረፈ ብሎን፣ ዳዶ ወይም ክሊፕ ካለም የየት እንደሆነ ሳይታወቅ ወደ ሌላ ደረጃ አይለፉ።

ቀጥሎ ከዝርዝሩ ጋር እየተያያዙ እያንዳንዱን ሶኬት፣ ቱቦና ገመድ በእጅዎ ይዳስሱ። በዓይን ማየት አይበቃም። ሶኬት ከቦታው የተቀመጠ ቢመስልም የመቆለፊያው ምላስ ጥርሱን ካላለፈ አልተሰካም፤ በትክክል ሲገባ በጣት የሚታወቅ፣ ብዙውን ጊዜም በጆሮ የሚሰማ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ መቆለፊያውን ሳይጫኑ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይሳቡት፤ ወጥቶ ከመጣ አልያዘም ማለት ነው። ቢይዝም የሚያጠራጥር ከሆነ ነቅለው በእጅ ባትሪ ውስጡን ያብሩና ፒኖቹን ይዩ። ሁሉም እኩል ቁመት ይዘው ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው፤ አንዱ ወደ ጎን የተኛ ወይም ወደ ውስጥ የሸሸ ከሆነ ሶኬቱ ምንም ያህል ጠብቆ ቢቆለፍ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ዘይት፣ ውኃ ወይም ማጽጃ ፈሳሽ ገብቶበት ከሆነም ለኤሌክትሪክ ንክኪ በተዘጋጀ ማጽጃ ረጭተው እስኪደርቅ ይጠብቁ።

በዚህ ደረጃ ብቻ ብዙ መኪና ይነሳል። ካልተነሳ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ሞተሩ ምን ይላል?

ቁልፉን አንድ ጊዜ አዙረው ያዳምጡ። ሦስት ዓይነት መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ የምርመራው አቅጣጫም በዚህ ይወሰናል። የመጀመሪያው ሞተሩ ጨርሶ አለመዞሩ ነው፤ ዝም ይላል፣ አንድ ጊዜ «ቀጭ» ይላል ወይም በተከታታይ ይንጣጣል። ሁለተኛው ሞተሩ እንደ ወትሮው እየዞረ አለመነሳቱ ነው። ሦስተኛው ተነሥቶ ወዲያው መጥፋቱ ነው። የመጀመሪያው የባትሪ፣ የገመድና የሞተሪኖ ጉዳይ ሲሆን፣ ሁለተኛው የእሳት (የካንዴላው ብልጭታ)፣ የነዳጅና የታይሚንግ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ በአብዛኛው የአየር ወይም የነዳጅ ፍሰት ጉዳይ ነው። እነዚህን ሳይለዩ የሚጀመር ምርመራ በጨለማ መዳበስ ነው፤ ሞተሩ ጨርሶ የማይዞርን መኪና ካንዴላ መፈተሽ ምንም ጥቅም የለውም።

ሞተሩ የማይዞር ከሆነ

የፊት መብራቱን አብርተው አንድ ሰው ቁልፉን እንዲያዞር ያድርጉና መብራቱን ይመልከቱ። መብራቱ ከመጀመሪያውም ደብዛዛ ከነበረ ወይም ቁልፉ ሲዞር ጨርሶ ከደከመ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም ኃይሉ በመንገድ ላይ ተይዟል ማለት ነው። መብራቱ ምንም ሳይለወጥ ደምቆ ከቀጠለና ሞተሪኖው ዝም ካለ ግን፣ ትእዛዙ ወደ ሞተሪኖው አልደረሰም ወይም ሞተሪኖው ራሱ አልተቀበለውም።

ባትሪውን በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ይለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ ለተወሰነ ጊዜ ያረፈ፣ በሚገባ የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ 12.4 የሚያሳየው ሦስት አራተኛ ያህል የተሞላ ነው፤ ወደ 12 ቮልት የወረደ ግን ባዶ ለማለት የቀረበ ነው። ረዘም ላለ ጊዜ በር ወይም ኮፈን ከፍቶ መሥራት፣ ቁልፉንም ክፍት ትቶ ሬዲዮ ማዳመጥ ባትሪን ሊጨርስ ስለሚችል፣ ጠዋት ደህና የነበረ ባትሪ ከሰዓት በኋላ ደክሞ ቢገኝ አያስገርምም። እረፍት ላይ 12.6 ማሳየቱ ግን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ሞተሪኖው እየዞረ ሲለካ ከ9.6 ቮልት በታች የሚወርድ ባትሪ ኃይል የለውም፤ ቻርጅ ተደርጎ እንደገና መፈተሽ አለበት።

ባትሪው ደህና ከሆነ ወደ ሞርሴቶዎቹ፣ ማለትም ገመዶቹን በባትሪው ምሰሶ ላይ ወደሚያስሩት መያዣዎች ይሂዱ። ከባትሪ ሥራ በኋላ የሚያጋጥም የተለመደ ጥፋት እዚህ አለ። የባትሪው ምሰሶ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ ስለሆነ፣ ሞርሴቶው በግማሽ ብቻ ወርዶ ብሎኑ ሲጠብቅ የያዘ ይመስላል፤ የሚነካው ግን በቀጭን ጠርዝ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ንክኪ ለዳሽቦርድ መብራትና ለሬዲዮ ይበቃል፤ ሞተሪኖው ግን ከመቶ አምፔር በላይ ስለሚፈልግ እዚያ ላይ ይቆማል። «መብራቱ ሁሉ ይበራል፣ ስለዚህ ባትሪው ደህና ነው» የሚለው ግምት ብዙ ሰው የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው። ሞርሴቶውን በእጅዎ ይዘው ለማዞር ይሞክሩ፤ ከተንቀሳቀሰ ይፍቱት፣ ምሰሶውንና የሞርሴቶውን ውስጥ በሽቦ ብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ይጥረጉ፣ እስከ ታች ድረስ አውርደውም ያጥብቁት። ሲፈቱ ኔጋቲቩን አስቀድመው፣ ሲመልሱ ኔጋቲቩን የመጨረሻ ያድርጉ፤ ኔጋቲቩ ከተፈታ በኋላ መፍቻዎ ከፖዘቲቩ ወደ መኪናው አካል ቢሻገር እንኳን ብልጭታ አይፈጠርም።

አዲስ ባትሪ አስገብተው ከሆነ ምሰሶዎቹ በየትኛው ጎን እንዳሉ ያረጋግጡ። በመጠን የሚመሳሰሉ፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቫቸው ግን በተቃራኒ ጎን የሆኑ ባትሪዎች አሉ። በስሕተት ተገላብጦ ተገናኝቶ ከነበረ፣ ለአንድ ቅጽበትም ቢሆን፣ ዋናው ፊውዝ ተቃጥሎ፣ ምናልባትም በዲናሞው ውስጥ ያሉት ዳዮዶች ተጎድተው ሊሆን ስለሚችል፣ ከባትሪው አጠገብ ያለውን የትላልቅ ፊውዞች ሳጥን ከፍተው ይመርምሩ።

ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ መኪናው አካልና ወደ ሞተሩ የሚሄደው ወፍራም የግራውንድ ገመድ ሌላው ተጠርጣሪ ነው። ካምቢዮ፣ ሞተሪኖ ወይም የሞተር መቀመጫ ከተፈታ በኋላ ይህ ገመድ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ አልያም ቀለም ወይም ዝገት ባለበት ቦታ ላይ ይታሰራል። ለመፈተሽ መልቲሜትሩን በቮልት መለኪያ ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ምሰሶ፣ ሌላውን በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ያሳርፉና ቁልፉን ያስዙሩ። ንባቡ ከ0.2 ቮልት በላይ ከሆነ መመለሻው መንገድ ታንቋል። በፖዘቲቩ በኩልም በባትሪው ምሰሶና በሞተሪኖው ወፍራም ገመድ ብሎን መካከል በተመሳሳይ መንገድ ሲለካ ልዩነቱ ከ0.5 ቮልት መብለጥ የለበትም።

ሞተሪኖው ላይ ከወፍራሙ ገመድ ሌላ አንዲት ቀጭን ሽቦ አለች፤ ቁልፉ ሲዞር «ዙር» የሚለውን ትእዛዝ የምታመጣው እርሷ ናት። የዘይት ፊልትሮ ለመፍታት እጅ ሲገባ ሳይታወቅ የምትነቀል ስለሆነች ቦታዋ መሆኗን ይዩ። ቁልፉ ሲዞር በዚህች ሽቦ 12 ቮልት አካባቢ እየደረሰ፣ ወፍራሙም ገመድ ኃይል እያለው ሞተሪኖው ካልዞረ፣ ያን ጊዜ ሞተሪኖውን መጠርጠር ተገቢ ነው። ቮልቱ ካልደረሰ ግን ጥፋቱ ትእዛዙ በሚመጣበት መንገድ ላይ ነው፦ የማስነሻው ፊውዝ ወይም ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ በአውቶማቲክ መኪና ማርሹ ፒ ወይም ኤን ላይ መሆኑን የሚያሳውቀው ስዊች፣ በማንዋል መኪና ደግሞ በፍሪሲዮን ፔዳል ሥር ያለው ስዊች። ማርሹን ከፒ ወደ ኤን አዛውሮ መሞከር ምንም የማያስከፍል ፈተና ነው።

ሞተሩ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ

ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ይክፈቱና ዳሽቦርዱን ይመልከቱ። የሞተሩ የማስጠንቀቂያ መብራት በርቶ መታየት አለበት። ካልበራ የሞተሩ ኮምፒውተር ኃይል አላገኘም፤ የእርሱን ፊውዝ፣ ዋና ሪሌውንና ግራውንዱን ሳያዩ ወደ ካንዴላም ሆነ ወደ ነዳጅ መሄድ አያስፈልግም። የቁልፍ ወይም የመቆለፊያ ምልክት ያለበት የጸጥታ መብራት በፍጥነት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ደግሞ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም። ባትሪ ከተፈታ በኋላ ይህ ያጋጥማል፤ ሁለተኛውን ቁልፍ ይሞክሩ፣ በአዝራር የሚነሳ ከሆነም የቁልፉን መያዣ ወደ አዝራሩ አስጠግተው ይሞክሩ። በኋላ የተገጠመ አላርም ያለው መኪና ከሆነ፣ አላርሙን በሪሞቱ ቆልፈው መልሰው ይክፈቱት።

አሁን ሞተሩ እየዞረ የአርፒኤም ቆጣሪውን (የሞተሩን ዙር የሚያሳየውን) መርፌ ይመልከቱ። በብዙ መኪና መርፌው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ፍጹም ካልተንቀሳቀሰ የክራንክ ሻፍት (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ) ሴንሰሩ ምልክት እየሰጠ ላይሆን ይችላል። ያለዚህ ሴንሰር ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ እሳትም ነዳጅም አያዝም። በአንዳንድ ሞተሮች ሴንሰሩ ከዘይት ፊልትሮው ወይም ከፊት ፑሌው አጠገብ ስለሚገኝ፣ ዘይት ሲቀየር ወይም ቺንጋ ሲፈታ ሶኬቱ ሊላቀቅ ወይም ሽቦው ሊጎዳ ይችላል።

እሳቱን በሚመለከት፣ ካንዴላ ቀይረው ከሆነ እያንዳንዱን ኮይል ተጭነው እስከ መጨረሻው መቀመጡን፣ ብሎኑ መታሰሩን፣ ሶኬቱም መቆለፉን ያረጋግጡ። የካንዴላ ገመድ ባላቸው የቆዩ ሞተሮች ላይ የገመዶቹ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር አብዛኛውን ጊዜ 1-3-4-2 በሚል ተራ ይተኩሳል፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ ነዳጁን በዚህ ተራ ያቃጥላሉ፤ 1-2-4-3 የሆኑም ስላሉ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ወይም በሞተሩ ላይ የታተመውን ያመሳክሩ። ሁለት ገመዶች ከተለዋወጡ ሞተሩ ሲዞር ይርገበገባል፣ በአየር ማስገቢያው ወይም በጭስ ማውጫው በኩልም ይተኩሳል፤ ይህ ድምፅ ከተሰማ ከገመዶቹ ወዲያ አይሂዱ። ሲገባ የወደቀ ካንዴላ ሸክላው ሳይታይ ሊሰነጠቅ፣ ክፍተቱም ሊዘጋ ይችላል፤ ክፍተቱ በብዙ መኪኖች ከ0.7 እስከ 1.1 ሚሊ ሜትር ባለው መካከል ሲሆን ትክክለኛው ልክ በአምራቹ መመሪያ ይገኛል።

እሳት መኖሩን ለማየት ለዚሁ የተሠራ መፈተሻ ይጠቀሙ። ካንዴላውን በእጅ ይዞ ሌላ ሰው ቁልፍ እንዲያዞር ማድረግ በፍጹም አይገባም፤ በኮይሉ የሚወጣው ኃይል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። ከፈተናው በፊትም የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ ያውጡ፤ በተከፈተው የካንዴላ ቀዳዳ የሚረጨው ቤንዚን በብልጭታው ሊቀጣጠል ይችላልና። የወጣው ካንዴላ በቤንዚን የራሰ ከሆነ ነዳጅ እየደረሰ ነው፤ እሳት ጠፍቷል ወይም ሞተሩ ነዳጅ በዝቶበት ታንቋል። ፈጽሞ ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም። ይህች ትንሽ ምልክት ምርመራውን ለሁለት ትከፍለዋለች።

ለታነቀ የቤንዚን ሞተር፣ በኢንጀክተር (ነዳጅ በሚረጭ ዕቃ) የሚሠራ ከሆነ፣ የነዳጅ መስጫውን ፔዳል እስከ መጨረሻው ረግጠው ይያዙና ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ያዙሩ። ብዙዎቹ ኮምፒውተሮች ፔዳሉ እንዲህ ተረግጦ ሞተሩ ሲዞር ነዳጁን ቆርጠው አየር ብቻ ያስገባሉ፤ ሞተሩ መተኮስ ሲጀምር ፔዳሉን ቀስ ብለው ይልቀቁ።

ነዳጅ ካልደረሰ መጀመሪያ ፓምፑን ያዳምጡ። በአብዛኞቹ የቤንዚን መኪኖች ቁልፉ ሲከፈት ፓምፑ ለ2 ሰከንድ ያህል «እዝዝ» ይላል። የነዳጅ ፊልትሮ ቀይረው ከሆነ መስመሩ በአየር ተሞልቷል፤ ስለዚህ ቁልፉን ከፍተው ሦስት ሰከንድ ያህል ቆይተው ይዝጉት፣ ይህንንም ጥቂት ጊዜ ይድገሙት፤ ፓምፑ መስመሩን ሞልቶ አየሩን ይገፋል። በፊልትሮው ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ ማመልከቱንም ይዩ። የፓምፑ ድምፅ ካልተሰማ ፊውዙን፣ ሪሌውንና ሶኬቱን ይፈትሹ። አንዳንድ መኪና ደግሞ በግጭት ጊዜ ፓምፑን የሚያቋርጥ ስዊች አለው፤ በሻንጣ ማስቀመጫው ወይም በእግር መርገጫው በኩል ሲሠራ ከተመታ ሊዘል ስለሚችል በላዩ ያለውን አዝራር ተጭነው ይመልሱት። የነዳጅ ቱቦ መፍታት ካስፈለገ ግፊቱ ሳይለቀቅ አይፍቱ፤ በብዙ የቤንዚን መኪኖች መስመሩ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ባር የሚደርስ ግፊት አለ።

የናፍጣ መኪና ግን አየርን በቀላሉ አያሳልፍም። ፊልትሮው ከተቀየረ በኋላ በላዩ ወይም በመስመሩ ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ድረስ ይጫኑ፤ ማስተንፈሻ ብሎን ካለው ከፍተው አረፋ የሌለበት ናፍጣ እስኪወጣ ይቀጥሉ፣ ከዚያም ይዝጉት። ተነሥቶ እንደገና ከጠፋ አየር የሚገባበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ አሮጌው የጎማ ቀለበት በፊልትሮው መቀመጫ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ተደርቦ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እርሱን ይዩ። በቆዩ የናፍጣ ሞተሮች የኢንጀክተሩን ቱቦ ላላ አድርጎ አየር ማስወጣት የተለመደ ነበር፤ ኮመን ሬል በሆኑት፣ ማለትም ኢንጀክተሮቹ ሁሉ ከፍተኛ ግፊት ካለው አንድ የጋራ ቱቦ ናፍጣ በሚያገኙት ላይ ግን ይህ ፈጽሞ አይሞከርም። በእነዚህ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1000 ባር ሊበልጥ ስለሚችል፣ የሚፈናጠረው ናፍጣ ቆዳን ዘልቆ ይገባል።

ታይሚንግ ተነክቶ ከሆነ

የታይሚንግ ቺንጋ ወይም ሰንሰለት የተፈታበት ሥራ ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሞተሩ ሲዞር ወትሮ ከሚሰማው ዙር ይልቅ ፈጠን ያለ፣ ሸክም የሌለበት ወይም ወጣ ገባ የሆነ ድምፅ ከሰጠ ወዲያውኑ ያቁሙ፤ ቫልቮቹ በተሳሳተ ጊዜ ክፍት ስለሆኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የአየር መጨመቅ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። በብዙ ሞተሮች ቫልቭና ፒስቶን አንዱ ለሌላው ቦታ የሚለቁት በታይሚንጉ ትክክለኛነት ብቻ ስለሆነ፣ ሲሳሳት ይጋጫሉ።

ባትሪውን ይፍቱ፣ ሽፋኑን ያንሱ፣ ክራንክ ሻፍቱንም በመፍቻ፣ በእጅ፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ ቀስ ብለው ያዙሩት። ካንዴላዎቹ ቢወጡ መዞሩ ይቀላል፣ እንቅፋት ካለም በእጅ ይታወቃል። ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ቫልቮቹን የሚከፍተው ካም ሻፍት የሚዞረው አንድ ጊዜ ስለሆነ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ካዞሩ በኋላ የታይሚንጉ ምልክቶች ሁሉ መልሰው መግጠም አለባቸው። በመካከሉ ጠንካራ ነገር የነካ ያህል ከቆመ በጉልበት አይግፉት፤ ትንሽ ወደ ኋላ መልሰው ታይሚንጉን ከመጀመሪያው ይሥሩት። በአንድ ጥርስ የተሳሳተ ሞተር አንዳንዴ ይነሳል፤ ሆኖም ኃይል ያጣል፣ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ያለውን «ይበቃል» ብሎ መንዳት አይገባም።

ተነሥቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ

የአየር ፊልትሮ ከተቀየረ ወይም የአየር ቱቦው ከተፈታ በኋላ ይህ ከታየ፣ በአየር መጠን ሴንሰሩና በሞተሩ መካከል ያለውን ቱቦ ሙሉ በሙሉ ይዳስሱ። ከሴንሰሩ በኋላ የሚገባ አየር አይቆጠርም፤ ኮምፒውተሩም ባልቆጠረው አየር ልክ ነዳጅ ስለማይሰጥ ሞተሩ ይጠፋል። ቱቦው ከላይ የተቀመጠ መስሎ ከሥር ተላቅቆ ይገኛል፤ ስለዚህ ጣትዎን ከሥሩ ያስገቡ። በአንዳንድ ሞተሮች የዘይት መሙያው ክዳን ወይም የዘይት መለኪያው ዘንግ አለመመለሱ እንኳን ተመሳሳይ ውጤት አለው። ትሮትል ቦዲ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረውን ዕቃ) አጽድተው ከሆነ ኮምፒውተሩ የዝቅተኛውን ዙር መጠን እንደገና መማር ያስፈልገው ይሆናል፤ አሠራሩ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ የአምራቹን መመሪያ ይከተሉ። የጸጥታ መብራቱ እያበራ ሞተሩ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ከጠፋ ግን ጉዳዩ የቁልፉ ነው።

የስሕተት ኮድ ማንበቢያ ካለዎት

ባለ 16 ፒኑ መሰኪያ አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው በታች ይገኛል። ኮዶቹን ከመሰረዝዎ በፊት ይጻፏቸው። ፒ0335 የክራንክ ሻፍት ሴንሰርን፣ ፒ0340 የካም ሻፍት ሴንሰርን፣ ፒ0102 የአየር መጠን ሴንሰርን፣ ፒ0351 የመጀመሪያውን ኮይል የኤሌክትሪክ መስመር ይመለከታሉ። ኮዱ ዕቃው ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ከዚያ ዕቃ የሚመጣው ምልክት አልተስተካከለም ማለት ነው። ከጥገና በኋላ ሲታይ ደግሞ በመጀመሪያ የሚመረመረው ሶኬቱና ሽቦው ነው። ማንበቢያው ከኮምፒውተሩ ጋር ጨርሶ መገናኘት ካልቻለ ወደ ኮምፒውተሩ ፊውዝና ግራውንድ ይመለሱ።

ባትሪው በፍለጋው ደክሞ ከሆነ

ከሌላ መኪና ኃይል ሲወስዱ ቀዩን ገመድ በመጀመሪያ በደከመው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ በደህናው ፖዘቲቭ ላይ ይያዙ፤ ጥቁሩን በደህናው ኔጋቲቭ ላይ አድርገው የመጨረሻውን ጫፍ ከባትሪው ራቅ ባለ ያልተቀባ የሞተር ብረት ላይ ያሳርፉ። የመጨረሻው ንክኪ ብልጭታ ስለሚሰጥ ከባትሪው ጋዝ መራቅ አለበት። ሲፈቱ በተቃራኒው ቅደም ተከተል ይሂዱ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለውን መኪና በመግፋት ለማስነሳት አይሞክሩ።

መኪናው ሲነሳ

ወዲያው አይንዱት። ዝም ብሎ እየሠራ የባትሪውን ቮልት ይለኩ፤ በብዙ መኪኖች ከ13.7 እስከ 14.7 ባለው መካከል ይሆናል። ከዚያ በታች ከሆነ ዲናሞው በሚገባ እየሞላ ላይሆን ይችላል፤ የዲናሞውን ሶኬትና ቺንጋ ይዩ። የዘይት መብራቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ሞተሩን ያጥፉና የዘይቱን መጠን ይለኩ። ከዚያ በእጅ ባትሪ ከፊልትሮው፣ ከነዳጅ ቱቦው መጋጠሚያና ከዘይት ማፍሰሻው ብሎን የሚንጠባጠብ ነገር እንዳለ ይመልከቱ፤ ሞተሩ ሲግል ራዲያተሩን የሚያበርደው ቬንትሌተር በራሱ ጊዜ ስለሚነሳ እጅዎንና ልብስዎን ያርቁ። በቅርብ ርቀት ጥቂት ከነዱ በኋላ አጥፍተው እንደገና ያስነሱት፤ ሞተሩ ግሎም መነሳት አለበት።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ መኪናው ካልተነሳ፣ ወይም ምርመራው ከፍተኛ ግፊት ወዳለው የናፍጣ መስመር ወይም ፒስቶን ወደ ነካ ቫልቭ ከደረሰ፣ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት። ሲወስዱ መጀመሪያ የጻፉትን ዝርዝር፣ የለኩትን የቮልት መጠንና ያነበቡትን ኮድ ይዘው ይሂዱ፤ በራስዎ እጅ እንደሠሩት ሳይደብቁ ይንገሩት፤ ባለሙያው ፍለጋውን ከየት እንደሚጀምር የሚያውቀው በዚያ ነው።